ሪፐብሊካን ቢሆንም የእናንተም እንደራሴ ነው

አሜሪካ በገባሁ ሰሞን አንድ ወዳጄ "ጉዳይህ ከተጓተተ ለኮንግረስ አባልህ ቢሮ ደውል" ሲለኝ ነገሩ አልገባኝም። እኛ እኮ ትልቅ ሰው ቢሮ ለመግባት ዘመድ ፈልገን፣ ደጅ ጠንተን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ የአካባቢው ተወካይ ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ነበር። "እሱ ለስደተኛ ምን ያደርጋል" ብዬ ተውኩት። ወራት አለፉ። አዲስ ለምትመጡ ይሄ እንዳይደገምባችሁ ነው የምጽፈው።

በየትኛውም ስቴት የሚኖር ሰው ዋሽንግተን ባለው ኮንግረስ (የአገሪቱ ሕግ አውጪ) ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉት። አንዱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው፣ ሁለቱ ሴናተሮች ናቸው። ተወካዮቹ 435 ናቸው፤ በየ2 ዓመቱ ይመረጣሉ። ሴናተሮቹ 100 ናቸው፤ ዘመናቸው 6 ዓመት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ግን ሴናተር የላችሁም። አንድ ተወካይ አላችሁ፤ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ ባይሰጥም ቢሮው የነዋሪን ጉዳይ ይከታተላል። የእናንተ ተወካይ ማን እንደሆነ ለማወቅ የተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ዚፕ ኮዳችሁን፣ ከተጠየቃችሁም ሙሉ አድራሻችሁን ማስገባት ነው። ጎረቤት ስለነገራችሁ ብቻ አትመኑ። የምርጫ ወረዳዎቹ ካርታ ይቀያየራል፤ ቴክሳስ ለምሳሌ በ2025 ካርታዋን እንደገና አውጥታለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አሁን ወደ ፓርቲው ነገር ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚያፈገፍገው እዚህ ጋ ነው። ዳላስ፣ ጋርላንድ ወይም ሂውስተን ከገባችሁ ሁለቱም ሴናተሮቻችሁ ሪፐብሊካን ናቸው፤ ቴክሳስ ከ1993 ጀምሮ እንዲሁ ናት። ታዲያ ምን ልታደርጉ ነው? ቁጭ ብላችሁ ምርጫ እስኪመጣ ልትጠብቁ?

ኮሎራዶ ኦሮራ ያሉ ወገኖቻችን ያደረጉትን ልንገራችሁ። ማይክ ኮፍማን ከ2009 እስከ 2019 መጀመሪያ የኮንግረስ አባል ነበር። ሪፐብሊካን ነው፣ የቀድሞ ወታደር፣ ኢራቅም የዘመተ። በ2011 የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋ የማዘጋጀት የፌዴራል ግዴታ እንዲቀር የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርቧል። በዚህ ብቻ ቢመዝኑት ኖሮ ማንም ሐበሻ ቢሮውን አይረግጥም ነበር። ከዚያ ወረዳው ተቀይሮ ኦሮራ ውስጡ ገባች፣ ኦሮራ ደግሞ የእኛ ሰው የሞላባት ከተማ ናት። የማኅበረሰቡ ሰዎች ሄዱ፣ ተናገሩ፣ ተመላለሱ፤ እሱም አዳመጠ። ስለ ኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ሁኔታ የወጣውን፣ ኤችአር 128 የሚባለውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበው የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ ነው፤ እሱም ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን ነው። ኮፍማን ደግሞ ለድምፅ እንዲቀርብ አጥብቀው ከገፉት አንዱ ነበር። ሚያዝያ 2018 ምክር ቤቱ አጸደቀው። ውሳኔው አስገዳጅ ሕግ አይደለም፣ በመሀላችንም የደገፈውም የተቃወመውም ነበር። እኔ ማሳየት የፈለግኩት ሌላ ነው። ወግ አጥባቂ የተባለ እንደራሴ የወረዳው ሰው በሩ ላይ ሲቆም ይሰማል። ኮፍማን በ2018 ምርጫ ተሸንፎ ከኮንግረስ ወጣ፤ በ2019 ደግሞ የኦሮራ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

የቢሮው አገልግሎት ከፖለቲካው ይለያል። ኬዝወርከር የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። ሥራቸው ነዋሪው ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ያለበትን ጉዳይ መከታተል ነው፦ ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርት፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲ፣ የታክስ ተመላሽ፣ የወታደር ጡረታ። ለማን እንደመረጣችሁ አይጠይቁም፤ አገልግሎቱን ከድጋፍም ከመዋጮም ጋር ማያያዝ በሥነ ምግባር ደንባቸው የተከለከለ ነው። ዜግነትም አይጠየቅም፣ ወረዳው ውስጥ መኖራችሁ ይበቃል። ክፍያ የለውም። እኛ ሰው ሲረዳን ባዶ እጅ መሄድ እናፍራለን፣ ግን የስጦታ ደንባቸው ጥብቅ ስለሆነ ሰዎቹን አታስጨንቁ። የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ። በጣም ደስ ይላቸዋል።

ስትደውሉ ዋሽንግተን ሳይሆን እናንተ ከተማ አጠገብ ያለው ቢሮ ደውሉ፣ ጉዳይ የሚያዘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። መጀመሪያ የሚሰጧችሁ የፈቃድ ፎርም ነው። በ1974 የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስላለ እናንተ ካልፈረማችሁ መሥሪያ ቤቱ ስለ ፋይላችሁ ለቢሮው ሊነግር አይችልም። ለሚስት ወይም ለባል ያመለከታችሁ ከሆነ ፈራሚው አመልካቹ ነው። የጥገኝነት ጉዳይ ከሆነ ምስጢርነቱ ጠንከር ስለሚል ባለጉዳዩ ራሱ ይፈርም፤ ጠበቃ ካላችሁም ቀድማችሁ አማክሩት። የረሲት ቁጥራችሁን (3 ፊደልና 10 አሃዝ ያለው ነው)፣ የኤ ቁጥራችሁን (ኢሚግሬሽን ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ነው)፣ የመጡላችሁን ደብዳቤዎች ኮፒ ያዙ። ከዚያ ችግሩን በአጭሩ ጻፉ። ሙሉ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም፤ መቼ አመለከትኩ፣ ምን ተባልኩ፣ አሁን ምን እፈልጋለሁ፣ በቃ። ለሦስቱም ቢሮ በአንድ ጊዜ አትላኩ። አንዱን ምረጡ፤ ሦስት ቢሮ ስለ አንድ ፋይል ሲጠይቅ ነገሩ ይዘበራረቃል።

ቤተ ክርስቲያን የማውቀው አንድ ልጅ የሚስቱ ኬዝ ከዓመት በላይ ዝም አለበት። ኢሜይል ይልካል፣ የሚመጣው ያው የተለመደ መልስ ነው። በመጨረሻ በሰው ውትወታ ወደ ተወካዩ ቢሮ ሄደ፤ ተወካዩ ሪፐብሊካን ነው፣ ልጁ ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ኬዝወርከሯ ወንበር ሰጥታ አስፈረመችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። አንድ የልደት ሰርተፍኬት ጎድሏል፣ የተላከው ደብዳቤ ደግሞ ድሮ ወደለቀቀው አፓርታማ ሄዷል። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው ለዚህ ነው! ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አድራሻ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም።

የማይችሉትንም እወቁ፣ አለበለዚያ ትቀየማላችሁ። "ቪዛ ስጡት" ብለው ማዘዝ አይችሉም። ፍርድ ቤት ባለ ጉዳይ ውስጥ አይገቡም፣ የኢሚግሬሽን ዳኛም ቢሆን። የሕግ ምክር አይሰጡም። መንጃ ፈቃድ፣ ፉድ ስታምፕ፣ የልጆች ትምህርት ቤት የስቴት ወይም የከተማ ጉዳይ ስለሆነ ለስቴት ተወካያችሁ ነው የሚነገረው። መንግሥት በፖሊሲ ያቆመውን ነገርም ኬዝወርከር አትመልሰውም።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙ፤ የለቅሶ ጊዜ። ዜግነት ወስዳችሁ፣ ፓስፖርታችሁ እድሳት ላይ እያለ ከአገር ቤት መርዶ ቢመጣ በዚያው ቀን ደውሉ። አስቸኳይ የፓስፖርት ቀጠሮ እንዲገኝ ቢሮዎቹ ብዙ ጊዜ ይረዳሉ። እናት ተቀብራ ከሳምንት በኋላ የደረሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ መጠየቅ እንደሚቻል ስላላወቁ ብቻ።

ልጆች ያሏችሁም፣ ዌስት ፖይንትን የመሰሉ የጦር አካዳሚዎች መግባት የሚፈልግ ዜጋ ልጅ ብዙውን ጊዜ እጩነት የሚያገኘው ከተወካዩ ወይም ከሴናተሮቹ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው፣ በምትኩ የአገልግሎት ግዴታ አለው። ማመልከቻው ትምህርት ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ስለሚዘጋ ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ቢሮውን ጠይቁ።

"የኮንግረስ ሰው አውቃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹት። ሌላው፣ ዜጋ ሳትሆኑ የመራጭነት ፎርም አትሙሉ፤ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ገበያ በር ላይ ሰው ወረቀት ቢሰጣችሁም አንብቡ። ይሄ ስህተት አረንጓዴ ካርዳችሁን ሊያሳጣ ይችላል።

እንግሊዝኛችሁ ቢያስፈራችሁ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ደውሉ። "እዚህ ወረዳ ነው የምኖረው፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ አለኝ፣ የፈቃድ ፎርሙን እፈልጋለሁ" በሉ። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ፣ በ3 ሳምንት መልስ ካልመጣ መልሳችሁ ደውሉ።