የተቀዳ ኮድን ወደ ፕሮግራምዎ ከማስገባትዎ በፊት እንዴት እንደሚፈትሹት

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል ለኮድ አይሠራም። የሰው ኮድ ያደምቃል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ፕሮግራመሮች ጥያቄና መልስ ከሚለዋወጡበት ድረ ገጽ ከስታክ ኦቨርፍሎው የተገለበጠ ወይም ቻትጂፒቲ የጻፈው ኮድ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሙከራ ይሠራል፤ ፕሮግራመሩም ፋይሉን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። ኮዱን እንዳልተረዳው የሚያውቀው ቆይቶ አንድ ነገር ሲበላሽ ነው።

መቅዳት ነውር አይደለም፤ የማይቀዳ ፕሮግራመር የለም። ቁም ነገሩ የተቀዳውን የራስ ማድረግ ነው።

1. ለብቻው ያስቀምጡት

ከዋናው ፕሮግራም ውጭ ባዶ ፋይል ከፍተው እዚያ ይለጥፉት። ከሌላው ኮድ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው መስመር ምን እንዳደረገ መለየት ያስቸግራል። ኮዱ የተገኘበትን አድራሻ ወይም ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ያቀረቡትን ጥያቄም ከላዩ ላይ ያስፍሩ።

2. ከማስኬድዎ በፊት ውጤቱን ይገምቱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው የቀሩትንም ቢተዋቸው ብዙ አይጎዳም። እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ በራስዎ ቃላት ይጻፉ፤ ውጤቱ ምን እንደሚሆንም ይገምቱ። ከዚያ ያስኪዱት። ግምትዎና ውጤቱ የተለያዩበት ቦታ ያልገባዎት ቦታ ነው።

ለምሳሌ ስም ተቀብሎ ዝርዝር ላይ የሚጨምር የፓይተን ፋንክሽን (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) አለ እንበል። ዝርዝር ካልተሰጠው፣ በፋንክሽኑ መግለጫ ላይ የተጻፈውን ባዶ ዝርዝር ይጠቀማል። «ሀ»ን ሰጥተው ሲጠሩት «ሀ» ያለበትን ዝርዝር ይመልሳል። ቀጥሎ «ለ»ን ብቻ ሰጥተው ቢጠሩትስ? ብዙ ሰው «ለ» ብቻ ይመጣል ብሎ ይገምታል። የሚመጣው ግን «ሀ» እና «ለ» ነው። ፓይተን ያንን ባዶ ዝርዝር የሚፈጥረው ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ሳይሆን በተገለጸበት ጊዜ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ የቀድሞው ጥሪ ያስገባው እዚያው ይቆያል። አንዴ ብቻ የሞከረው ሰው ኮዱ ትክክል ነው ብሎ ይምላል፤ ይኸው ኮድ ሰርቨር ላይ ሲወጣ ግን የአንዱ ተጠቃሚ መረጃ ለሌላው ሊታይ ይችላል።

ያልገባዎትን መስመር ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲያብራራልዎት መጠየቅ ይችላሉ። ማብራሪያው ግን ስህተት በሚሆንበት ጊዜም አነጋገሩ ያው እርግጠኛ ነው፤ ስለዚህ የተነገረዎትን በሙከራ ያረጋግጡ።

3. ዳር ላይ ባሉ ቁጥሮች ይፈትኑት

ዜሮ፣ አሉታዊ ቁጥር፣ ባዶ ጽሑፍ፣ በጣም ትልቅ ቁጥር፣ እንዲሁም ከአንድ ወሰን በጥቂቱ የሚያንስ ቁጥር ይስጡት። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። የባይት ብዛት ተቀብሎ በኪሎባይት ወይም በሜጋባይት የሚያሳይ አጭር የጃቫ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2010 ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ወጥቶ በሺዎች በሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ውስጥ ተገለበጠ። 999,999 ባይት ሲሰጡት ግን «1.0 ሜጋባይት» በማለት ፈንታ «1000.0 ኪሎባይት» ይላል። መለኪያውን አስቀድሞ ይመርጥና ቁጥሩን የሚያጠጋጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲያጠጋጋ ወሰኑን ማለፉን ተመልሶ አያይም። ስህተቱን እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ የጻፈው የኮዱ ባለቤት ራሱ ነው።

4. ለየትኛው ሁኔታ እንደተጻፈ ይጠይቁ

ትክክለኛ ኮድም ቦታው ሲቀየር ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 የተነሣችው የመጀመሪያዋ አሪያን 5 ሮኬት ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ተበታትናለች። የአቅጣጫ መቆጣጠሪያዋ ኮድ ከአሪያን 4 የተወሰደ ነበር። በዚያኛው ሮኬት ላይ አንድ ከአግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘ ቁጥር 16 ቢት ውስጥ ይበቃ ነበር፤ ማለትም ከ32,767 አይበልጥም። አሪያን 5 ግን በአግድም ይበልጥ ስለምትፈጥን ቁጥሩ ሞልቶ ፈሰሰ። የሚያሳዝነው፣ ያ ስሌት ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ምንም አያስፈልግም ነበር።

እርስዎም የሚቀዱትን ኮድ እንዲህ ይጠይቁት፦ ቁጥሩ እስከ ስንት ይደርሳል ብሎ ያስባል? ጽሑፉ በየትኛው ፊደል ይሆናል ብሎ ያስባል? ፋይሉ ሁልጊዜ ይገኛል ብሎ ያምናል? በአንድ ጊዜ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው? እንደዚያ ስሌት ለእርስዎ ሁኔታ የማያስፈልጉ መስመሮች ካገኙም ያውጧቸው።

5. የሚጠራቸውን ፓኬጆች ያረጋግጡ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈጽሞ የሌለ ፓኬጅ (ሌሎች ጽፈው ለጋራ ጥቅም ያስቀመጡት የኮድ ጥቅል) ስም ሊጽፍ ይችላል። ተንኮለኛ ሰው ደግሞ ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ ጎጂ ኮድ ሊያስቀምጥበት ይችላል። ከመጫንዎ በፊት ፓኬጁ መኖሩን፣ ማን እንደሚጠብቀውና ከመቼ ጀምሮ እንዳለ ይመልከቱ። እግረ መንገድዎን፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ጽሑፍ በቀጥታ ከዳታቤዝ ትእዛዝ ጋር የሚያጣብቅ መስመር ካዩ ያንን ኮድ አይጠቀሙበት።

6. ፈቃዱን ያንብቡ

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚወጣው ኮድ ምንጩን መጥቀስንና በእርሱ ላይ የተሠራውን በተመሳሳይ ፈቃድ ማጋራትን በሚጠይቅ ፈቃድ ሥር ነው። ለሽያጭ የሚቀርብ ፕሮግራም ከሆነ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

7. ዘግተው እንደገና ይጻፉት

በማግስቱ፣ ዋናውን ሳያዩ ይጻፉት። ቃል በቃል መመሳሰል የለበትም። የተቸገሩበት ቦታ ካለ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይመለሱ።

ይህ ሁሉ ለእያንዳንዱ መስመር አያስፈልግም። የመቶ ፋይሎችን ስም አንዴ ቀይሮ ለሚጣል ኮድ፣ የፋይሎቹን ቅጂ መያዝ ብቻ ይበቃል። የይለፍ ቃልና ምስጠራን በተመለከተ ደግሞ ሰባተኛውን ደረጃ ፈጽሞ አይሞክሩት። እዚህ ላይ መረዳት ማለት ስሌቱን ራስ መጻፍ ሳይሆን፣ በብዙዎች የተፈተሸ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) መርጦ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥና የትኛው ፋንክሽን ለምን እንደሚጠራ ማወቅ ነው።