ዴስክቶፕ ላይ ሾርትከት ስታወጡ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሂዱ ሳቢያን፣ ብዙ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሮች ይመሳሰላሉ። ዴስክቶፑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፦ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ ፕሮፎርማ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ጸሐፊዋ ፋይል ታስሳለች። ሾርትከት፣ ማለትም ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም አይከን፣ በአግባቡ ከተሠራ ይሄን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

ትልቁ ስህተት ፋይሉን ራሱን ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ዊንዶውስ በተጫነበት ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ አስቸግሮ ሲ ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዋናውን ዲ ላይ ባለ ፎልደር አስቀምጡ። ከዚያ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሴንድ ቱ» ውስጥ «ዴስክቶፕ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ መጀመሪያ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» የሚለውን መጫን ያስፈልጋል። ዲ ላይ አስቀመጥኩ ብሎ ባክአፕ መተው ግን አይቻልም፤ ሲም ዲም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ፣ ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ስህተት ደንበኛን ያስቀይማል፦ በፋይሉ ፈንታ ሾርትከቱን ፍላሽ ላይ መገልበጥ። ሰውየው ከፍሎ ይሄዳል። ቢሮ ደርሶ ፍላሹን ሲሰካ አይከፈትም። በዚያ ፀሐይ ተመልሶ ይመጣል፦ «አቦ፣ ፋይሉ የለም እኮ!» እውነቱን ነው። የተሰጠው ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ነገር ብቻ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት አይከኑን እዩት። ታችኛው ግራ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ካለች ሾርትከት ነው። መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ ፎቶ ያለበት ሲቪ ደግሞ ያን ያህል አያንስም። ዋናውን ለማግኘት ሾርትከቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ።

ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ድንገት ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ግን ያ ቫይረስ ነው፤ አትክፈቷቸው። ፎርማት ለማድረግም አትቸኩሉ። ዋናዎቹ ፋይሎች ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቀው አሉ።

ሰሞኑን ለተከፈተ ፋይል ሁሉ ሾርትከት ማውጣትም አይጠቅምም። ለዛሬ ደንበኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነገ ማንም አይፈልገውም። የኪራይ ውሉ ቅጽ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከፈታል። ሾርትከት የሚገባው ለእሱ ነው። የሰሞኑን ፋይሎች ዊንዶውስ ራሱ ይይዝላችኋል። ታስክባር (ስክሪኑ ግርጌ ያለው መስመር) ላይ ያለውን የወርድ አይከን ራይት ክሊክ አድርጉት፤ በቅርብ የከፈታችኋቸው ይዘረዘራሉ። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ የማይጠቀምበት ሰው መብዛቱ ያሳዝናል። ከዝርዝሩ እንዳይወርድ የምትፈልጉት ፋይል ካለ አጠገቡ ያለችውን የፒን ምልክት ተጫኑ።

ቅጹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በሾርትከት ቶሎ የሚከፈት ቅጽ ቶሎ ይበላሻል። የአንዱ ተከራይ ስም እላዩ ላይ ሴቭ ይደረግና በሌላው ውል ላይ ይወጣል። ዋናውን ፋይል ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ግቡና «ሪድ ኦንሊ» (የሚነበብ ብቻ) አድርጉት። ያኔ ወርድ በሌላ ስም ሴቭ እንድታደርጉ ይጠይቃችኋል።

ስም ማውጣትንም አትርሱ። ሾርትከቱን መርጣችሁ ኤፍ 2 ተጫኑና «የቤት ኪራይ ውል ቅጽ» ብላችሁ ጻፉ። የሾርትከቱን ስም ብትቀይሩም፣ ሾርትከቱን ብታጠፉትም ዋናው ፋይል አይነካም። ፍላሽ ላይ ላለ ፋይል ደግሞ ሾርትከት አታውጡ፤ ፍላሹ ሲነቀል አይሠራም።

ኮምፒውተሩን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ የሰሞኑ ዝርዝር የሰው ምስጢር ያወጣል። የአንዱን የፍቺ ማመልከቻ ቀጥሎ የመጣው ሰው ስሙን እንኳ ማየት የለበትም። ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከዚያ ስታርት ውስጥ ገብታችሁ በቅርብ የተከፈቱትን የሚያሳየውን ምርጫ አጥፉት።