የፊልም መንኮራኩር ቅጂ መሰብሰብ፦ ሲገዙ ምን ይለካል፣ ከገዙ በኋላ እንዴት ይያዛል

በሳይንስ ልቦለድ ፊልም ላይ ያየነው መንኮራኩር አንድም ቀን በርሮ አያውቅም። ካሜራ ፊት የቆመው ከእንጨት፣ ከፕላስቲክና ከሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራ የስቱዲዮ ሞዴል ነው። ስለዚህ ጥሩ ቅጂ ማለት የዚያ ሞዴል ቅጂ ማለት ነው። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጣው ይህን ባለማወቅ ነው፤ የስታር ዋርሱን መንኮራኩር «ሚሌኒየም ፋልከን ገዛሁ» ይላል፣ የትኛውን ፋልከን እንደገዛ ግን አልጠየቀም።

ከፋልከን እንጀምር። ለ1977ቱ የስታር ዋርስ ፊልም የተሠራው ሞዴል 5 ጫማ ገደማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ያ ግዙፍና ከባድ ስለነበር ለ1980ው ፊልም 32 ኢንች ወይም 81 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሌላ ተሠራ። ሁለቱን ለመለየት ሆዱን ይዩ። የማረፊያ እግሮቹን ይቁጠሩ፤ የ1977ቱ ቅርጽ 3፣ የ1980ው 5 አለው። ባንዳይ በ2017 ያወጣው 48 ሳንቲ ሜትር የሆነው የ1/72 (በታሪኩ ካለው መጠን 72 ጊዜ ያነሰ) ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሞዴል፣ የ1977ቱን ይከተላል። ዲአጎስቲኒ ክፍሎቹን በ100 ተከታታይ እትሞች እየከፋፈለ የሸጠው የ1/43 ፋልከን ደግሞ የ32 ኢንቹን ልክ ይዞ ነው የተሠራው። ሻጩ «የ1977ቱ ነው» እያለ ከሥር 5 እግር ካዩ፣ ወይ ዕቃውን አያውቀውም ወይ ሊደብቅዎ የፈለገው ነገር አለ።

የስታር ትሬኩ ኢንተርፕራይዝ ከዚህ ይበልጥ ያሳስታል። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ሞዴል ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ሲሆን ከ1974 ጀምሮ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ንብረት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተደረገለት እድሳት ሰውነቱ ላይ ጎላ ያሉ ጥላማ መስመሮች ተቀቡበት። በ2016 የተጠናቀቀው እድሳት ግን እነዚያን አስወግዶ ወደ 1960ዎቹ መልኩ መለሰው። ስለዚህ ቅጂን ከሙዚየም ፎቶ ጋር ሲያስተያዩ መጀመሪያ ፎቶው የተነሣበትን ዓመት ይጠይቁ። ከሁለቱ እድሳቶች መካከል በተነሣ ፎቶ ተመርቶ የተቀባ ቅጂ በጥንቃቄ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በቴሌቪዥን የታየው መልክ ግን አይደለም።

የሳህኑን፣ ማለትም የፊተኛውን ክብ አካል፣ የላይኛው ገጽ ደግሞ በቅርብ ይዩት። ዋናው ሞዴል ላይ ያለው ፍርግርግ መስመር በእርሳስ የተሠመረ ነው፤ ከሁለት ሜትር ርቀት አይታይም ማለት ይቻላል። ቅጂው ላይ ጥፍርዎ የሚይዘው ጎድጓዳ መስመር ካገኙ አምራቹ ለራሱ የጨመረው ነው። በግራ ጎኑ ግን ከሻጭ ጋር አይከራከሩ። የመብራቱ ሽቦ በዚያ በኩል ይገባ ስለነበር የዋናው ሞዴል ግራ ጎን እንደ ቀኙ አልተጠናቀቀም፤ ቀረጻውም በቀኝ በኩል ነበር። የቅጂውን ጥራት የሚለካው ቀኝ ጎኑ ነው።

በ1979 ለሲኒማ የተሠራው ኢንተርፕራይዝም የራሱ ጣጣ አለው። ቀለሙ እንደ ዕንቁ የሚያብለጨልጭ ነበር፤ ከኋላ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ እያንጸባረቀ ስላስቸገረ ለ1982ቱ ፊልም እንዲደበዝዝ ተደረገ። የሚያብለጨልጭም የደበዘዘም ቅጂ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ፊልም ጋር ግን መስማማት አለበት።

ምን ዓይነት ልግዛ?

ጊዜና ትዕግሥት ያለው ሰው ከኪት ይጀምር፤ ፖላር ላይትስ የሚያወጣው የ1/350 ኢንተርፕራይዝ ለዚህ ይመቻል። ቀለሙ፣ ማጣበቂያውና መብራቱ የእርስዎ ወጪ እንደሆነ አስቀድመው ያስቡ፤ ብዙ ጊዜ ከኪቱ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። በእትም እየተከፋፈለ የሚመጣው ተከታታይ ሲጠናቀቅ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን እትም ዋጋ በእትሙ ብዛት አባዝተው ድምሩን ካላዩ አይጀምሩ። አምራቹ መንገድ ላይ ሊቆምም ይችላል፤ በ2022 የእንዲህ ያሉ ተከታታዮች አሳታሚ የነበረው ኢግልሞስ ሲከስር ተከታታይ የሚጠብቁ ደንበኞች ግማሽ መንኮራኩር ይዘው ቀርተዋል። የቀሩትን እትሞች ከሁለተኛ እጅ መፈለግ ከሙሉው ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ተሠርቶ፣ ተቀብቶና ቁጥር ተሰጥቶት የሚሸጠው ውሱን እትም፣ ለምሳሌ ማስተር ሬፕሊካስና ኢኤፍኤክስ ያወጧቸው፣ ሌላው ምርጫ ነው። ከሁሉም በላይ ያለው «ስቱዲዮ ስኬል» የሚባለው፣ ከካሜራው ፊት ከቆመው ሞዴል ጋር እኩል የሆነ ቅጂ ነው። የእኛ ምክር ግልጽ ነው፤ አሥር ትንንሽ ከመግዛት አንድ በሚገባ የተጠና ትልቅ ይግዙ።

መጠኑ በቀላል ማካፈል ይገኛል። ኢንተርፕራይዝ በታሪኩ ውስጥ 289 ሜትር ያህል ነው፤ ለ350 ሲካፈል 82.6 ሳንቲ ሜትር፣ ለ1000 ሲካፈል 29 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ቀጥሎ ቤትዎን በሜትር ይለኩ። የተለመደው ባለ መስታወት ቡፌ ወደ ውስጥ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትልቁ (የ1/43ቱ) ፋልከን ግን ስፋቱ ብቻ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፣ ክብደቱም ከ10 ኪሎ ያልፋል። አጋድሞ የሚይዝ ማቆሚያ ቦታ ይቆጥባል። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ፤ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ ተራ ፊሸር ይህን ክብደት አይችልም። ኮለን ወይም ቢም ፈልገው እዚያ ይብሱ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

ለሻጩ የሚላከው የፎቶ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የዛሬው ቀን የተጻፈበት ወረቀት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ከላይ፣ ከሥር፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች፤ የቁጥር ሰሌዳው፣ የማረጋገጫ ወረቀቱና ሳጥኑ። በሰሌዳው፣ በወረቀቱና በሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። መብራት ካለው ጨለማ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ይጠይቁ። የስልክ ቪዲዮ ጨለማ ላይ ሲሆን በመገጣጠሚያው ሾልኮ የሚወጣውን ብርሃን ያጋልጣል።

ኢንተርፕራይዝን በአካል ካገኙት ከኋላው ጎንበስ ይበሉና ሁለቱን የሞተር ቱቦዎች በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ቱቦዎቹ በቀጫጭን ክንዶች ላይ ስለቆሙ ከባድ ሬዚን ከሆኑ በዓመታት ውስጥ ይወርዳሉ። ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ አቁመው ከጠረጴዛው እስከ እያንዳንዱ ቱቦ ጫፍ ይለኩ። በ80 ሳንቲ ሜትር ሞዴል ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ዓይን ያየዋል፤ በተቀባና በተጠናቀቀ ሞዴል ላይ ደግሞ ማቃናቱ ቀላል አይደለም። ዋጋ የሚቀንሱበት ትክክለኛ ምክንያት ይህ ነው።

የተሰረቀ ቅጂ ሌላው ወጥመድ ነው። አንድ ባለሙያ ለፍቶ የሠራውን ሞዴል ሌላው ገዝቶ፣ በሲሊኮን ቅርጽ አውጥቶ በርካሽ ያባዛዋል። ይህ ነውር ብቻ አይደለም፤ ዕቃውም የወረደ ነው። ሬዚን ሲደርቅ ትንሽ ይኮማተራል፣ ከቅጂ የተቀዳ ቅጂም ከቀዳሚው እያነሰ ይሄዳል። 1 ከመቶ ቢቀንስ በ81 ሳንቲ ሜትሩ ፋልከን ላይ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሜትር ይታወቃል። ሁለተኛው ምልክት ጠርዝ ነው። የስታር ዋርስ ሞዴል ሠሪዎች የመንኮራኩሮቹን ገጽ ከሱቅ በተገዙ የታንክ፣ የመርከብና የመኪና ኪት ቁርጥራጮች ነው ያለበሱት። በጥሩ ቅጂ ላይ የታንክ ጎማ ጥርሱ ይቆጠራል፤ በተሰረቀው ላይ ጥርሶቹ እንደተላሰ ሳሙና ሟሙተው፣ በማዕዘኖቹ ውስጥ ትንንሽ የአየር አረፋ ጉድጓዶች ይታያሉ።

«ፊልሙ ላይ የዋለ ነው» የሚልዎ ሰው ካጋጠመ የዋናዎቹን ዋጋ ያስታውሱ። ለ1977ቱ ፊልም ካሜራ ፊት የቆመ የኤክስ ዊንግ ተዋጊ መንኮራኩር ሞዴል በ2023 በሄሪቴጅ ጨረታ 3.135 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ሙሉ የባለቤትነት ሰነድ በጥቂት ሺህ ዶላር አይመጣም።

ማጓጓዝ

በአረፋ ፕላስቲክ ቀጥታ መጠቅለል የተለመደ ጥፋት ነው፤ አረፋዎቹ ቀለሙ ላይ ክብ ክብ ምልክት ያትማሉ። መጀመሪያ አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት፣ ከዚያ በአረፋው ይጠቅልሉ። ሳጥኑን በሌላ ሳጥን ውስጥ ያስገቡና በሁለቱ መካከል በሁሉም ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይሙሉ። አንቴና፣ የራዳር ሳህንና መድፍ ከተፈታ ይፈታ፤ መንገድ ላይ ቀድመው የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ሰው ሁለት ቁጥሮች ይያዝ፦ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎና የሦስቱ ጎኖች ድምር 158 ሳንቲ ሜትር ነው። የትልቁ ፋልከን ሳጥን ይህን ያልፋል። ሊቲየም ባትሪ ካለው ባትሪው ወጥቶ በእጅ ይያዝ። የግዢ ደረሰኙ ለጉምሩክ በእጅ ይሁን፤ ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምተው ሌላ ሰው ነው።

መሥራትና መብራት

የሬዚን ክፍሎች ሲመጡ ቅባት አላቸው። በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይታጠቡ፤ አለዚያ ቀለሙ ከወር በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። የተጣመመ ያልተቀባ ክፍል ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ነክረው ያቃኑና በቀዝቃዛ ውሃ ያጽኑት። የፕላስቲክ ኪት ማጣበቂያ ሬዚንን አይዝም፤ ለትንንሹ ሱፐር ግሉ፣ ክብደት ለሚሸከመው መገጣጠሚያ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ)ና በውስጡ የሚያልፍ የ3 ሚሊ ሜትር የብረት ዘንግ ይጠቀሙ። ሱፐር ግሉን ግን ከመስኮትና ከጠራ ፕላስቲክ ያርቁ፤ ጭሱ ነጭ ጉም ይተውበታል። ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲሞርዱ ውሃ ያርከፍክፉ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

መብራት ከማስገባትዎ በፊት ውስጡን ጥቁር፣ በላዩ ነጭ ይቀቡ። ጥቁሩ ብርሃን በግድግዳው እንዳያልፍ ይከለክላል፣ ነጩ ወደ መስኮቶቹ ይመልሰዋል። ጥቁሩን ከዘለሉ መንኮራኩሩ ሲበራ እንደ ፋኖስ ሁለንተናው ያበራል። ለትንንሾቹ መስኮቶች 0.5 ሚሊ ሜትር ፋይበር ኦፕቲክ (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ክር) ይበቃል።

ነጭ ኤልኢዲ (ትንሽ የመብራት አምፖል) 3.2 ቮልትና 20 ሚሊ አምፔር ይፈልጋል። ምንጩ 12 ቮልት ከሆነ 12 ሲቀነስ 3.2 እኩል 8.8፤ ለ0.02 ሲካፈል 440 ኦም፤ በገበያ ላይ ያለው ቀጣይ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድብ ክፍል) 470 ነው። ለ2 ቮልቱ ቀይ 560 ያድርጉ። ሬዚስተር ያልገባለት ኤልኢዲ ወዲያው ይቃጠላል፤ የተዘጋ ሞዴል ደግሞ ሳይሰበር አይከፈትም። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት ሙሉ 24 ሰዓት አብርተው ያቆዩት። አሜሪካ የተገዛ አዳፕተር «100–240 ቮልት» ካላለ ኢትዮጵያ ውስጥ በ220 ላይ አይሰኩት።

ማስቀመጥ

ቀጥተኛ ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክና ዲካሉን (ተለጣፊ ምልክቱን) ቢጫ ያደርጋል፣ ቀይ ምልክቶችንም ያደበዝዛል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይበረታል፤ ቡፌው ከመስኮት ትይዩ አይቁም። በ3ዲ አታሚ ፒኤልኤ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ክፍል በ60 ዲግሪ ገደማ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት።

አቧራ በጨርቅ አይወለወልም፤ ጨርቅ አንቴናውን ይዞ ይሄዳል። ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽና የካሜራ አየር መንፊያ ይበቃሉ፤ ሁልጊዜም ከጫፍ ወደ ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ ወደ ጫፍ ይጥረጉ።

ሳጥኑን አይጣሉ፤ ውሱን እትም ያለ ሳጥኑ ሲሸጥ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። ሞዴሉን ግን ለዓመታት በስፖንጁ ውስጥ አያኑሩ፤ ስፖንጁ እየበሰበሰ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ማሳያ ላይ ሳይበራ የሚቆም ከሆነ የአልካላይን ባትሪውን ያውጡ። ፈስሶ ነጭ ዱቄት ካዩ ጓንት አድርገው በጥጥ እንጨት ላይ በነከሩት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ያጽዱት፤ መንጫጫቱን ሲያቆም በትንሽ ውሃ አብሰው ያድርቁ። የባትሪ መያዣው ብረት አረንጓዴ ሆኖ ከተበላ መያዣውን ይቀይሩ፤ ሽቦውን ግን ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አያሳጥሩ፣ ሌላ ጊዜ ለመበየድ ያስፈልጋል።