ከ40 በኋላ በአለባበስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ40 ዓመት በኋላ የብዙ ሴቶች ሰውነት ቅርጹን ይቀይራል። ወር አበባ ወደ መቋረጡ ሲቃረብ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ዳሌና ጭን ላይ ይከማች የነበረው ስብ ወደ ሆድ ያደላል። ስለዚህ ኪሎ ሳይጨምሩም ወገብ ሊሰፋ ይችላል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ልብሱ ግን አብሮ መቀየር አለበት።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የድሮውን ቁጥር ሙጥኝ ብለን ነው። «እኔ 38 ነኝ» እንላለን። ቁጥር ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። የሚጠቅመው ልብሱ ላይ የሚታየው ምልክት ነው። ሸሚዙ ደረት ላይ በቁልፎቹ መሃል አፉን ከከፈተ፣ የሱሪው ኪስ ወደ ጎን ከተገለበጠ ጠቧል። አንድ ቁጥር ከፍ ይበሉ። ቁጥሩ የተጻፈው ውስጥ ነው፣ ማንም አያየውም።

ሌላዋ ደግሞ ሆዴ እንዳይታይ ብላ ከላይ እስከ ታች ሰፊ ትለብሳለች። ይህ አይደብቅም፤ እንዲያውም ያገዝፋል። ከላይ ሰፋ ካለ ከታች ጠበብ ይበል፣ ወይም በተቃራኒው። ትከሻን በደንብ ይዩ፦ ስፌቱ የትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ሲገዙም በትከሻ ይምረጡ። ወገብ ማጥበብ ወይም እጅጌ ማሳጠር ለልብስ ሰፊ ቀላል ነው። የጃኬት ትከሻ ማስተካከል ግን ከባድ ሥራ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ የጡት መያዣ ጉዳይ ነው። ከላይ የሚለበሰው ልብስ የቱንም ያህል ቢያምር ከስር ያለው ልክ ካልሆነ አይቀመጥም። በዚህ ዕድሜ ጡት ይለወጣል፣ ቆዳም ይላላል፤ ልክን እንደገና መለካት ያስፈልጋል። ክብደቱን በዋናነት መሸከም ያለበት ከጡት ስር ደረትን የሚዞረው ክፍል እንጂ ማንጠልጠያው አይደለም። ጀርባው ላይ ሽቅብ ከተሳበ ሰፍቷል ማለት ነው። ማንጠልጠያው ትከሻን እየቆረጠ ምልክት የሚተውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። አዲስ ሲገዙ በላላው መንጠቆ ልክ የሚሆንዎትን ይውሰዱ። ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ውስጠኛው ያጠብቁታል።

ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ለሚያስቸግራት ደግሞ ወፍራም ፖሊስተር መልበስ ስቃይ ነው። ላብ አያስወጣም። ጥጥና ሊነን ይሻላሉ። አንድ ወፍራም ሹራብ ከመልበስ ስስ ነገር ከውስጥ አድርጎ ጃኬት መደረብ ይመረጣል፤ ሲሞቅ ወዲያው ይወልቃል።

ጥቁር ሁሌ ያምርብኛል ማለትም ያሳስታል። ፀጉር ሲሸብት፣ የፊት ቀለምም ሲለወጥ ድሮ ያደመቀን ቀለም አሁን ሊያደክመን ይችላል። ጥቁሩን አይጣሉት። ከፊት አጠገብ ሻርፕ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ኮሌታ ይጨምሩበት። በተፈጥሮ ብርሃን መስታወት ፊት ቆመው ሁለት ሦስት ቀለም አገጭዎ ስር ያስጠጉ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

«ይህ ለዕድሜሽ አይሆንም» የሚሉትን አይስሟቸው። ልክዎ ከሆነና ከተመቸዎት ይልበሱት።

ጫማም እንዲሁ በድሮ ቁጥር አይገዛም። የእግር ጅማት ከዕድሜ ጋር ስለሚላላ እግር ይሰፋል፣ ይረዝማልም። እግር ትንሽ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ሄደው ይለኩ። ሁለቱንም እግር ይለኩና በትልቁ ይግዙ።