ቲ4 ከፍ ብሎ ቲኤስኤች አልወርድ ሲል

ምልክቱ፦ ልብ ድው ድው ይላል። አንገት ላይ እንቅርት አለ። የታይሮይድ ሆርሞኖቹ ቲ4ም ቲ3ም ከፍ ብለዋል። ብዙ ጊዜ በዚሁ «ታይሮይድ በዝቷል» ተብሎ መድኃኒት ይጀመራል። እባክዎ ከዚያ በፊት የምርመራ ወረቀቱ ላይ የቲኤስኤችን ቁጥር ይፈልጉ፤ ቲኤስኤች አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ፣ ታይሮይድን የሚያዝ ሆርሞን ነው። የታይሮይድ ዕጢ ራሷ ሆርሞን ስታበዛ ቲኤስኤች ወደ ዜሮ ይጠጋል። እንደ ጤነኛ ሰው 2.5 ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የሚጣራው፦ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን ውጤት ያዛባል፤ ቢያንስ ሁለት ቀን ትተውት ይመርመሩ። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒትም ቲ4ን ይጨምራል። ሌላ ዓይነት ማሽን ያለው ላቦራቶሪ ይድገመው። ያው ከሆነ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፦ ቲኤስኤች የሚያመርት የፒቱታሪ ዕጢ እባጭ፣ ወይም በዘር የሚመጣ ለሆርሞኑ አለመታዘዝ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይመርመር። እናት፣ አባት ወይም ወንድም ያው ውጤት ካላቸው ጥርጣሬው ወደ ዘሩ ያጋድላል። ኤምአርአይ ብቻውን አይበቃም፤ ምንም የማያደርግ ትንሽ እባጭ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል።

የዘሩ ዓይነት ምክንያቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ ክሮሞሶም 3 ላይ ያለው ቲኤችአርቢ የተባለ ጂን ይለወጣል። ይህ ጂን የሚሠራው ቤታ ተቀባይ (ሴል ሆርሞኑን የሚቀበልበት ፕሮቲን) ፒቱታሪና ጉበት ውስጥ ይበዛል። ተቀባዩ ሲበላሽ ፒቱታሪ ሆርሞኑ መኖሩን በደንብ አይሰማም። ጆሮው ለከበደ ሰው ጮክ ብሎ እንደመናገር፣ ታይሮይድ አብዝታ ታመርታለች። ልብ ግን ሆርሞኑን የሚሰማው በዋናነት አልፋ በተባለው ሌላ ተቀባይ ነው። እሱ ጤነኛ ስለሆነ ትርፉ ሆርሞን በሙሉ ያርፍበታል። አንድ ሰው ጉበቱ ሆርሞን እንዳነሰው፣ ልቡ እንደበዛበት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከወላጅ የተለወጠ አንድ ቅጂ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የአልፋ ተቀባይን የሚሠራው ጂን ሲለወጥ መልኩ ሌላ ነው፦ ልጁ ያጥራል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ደም ያንሰዋል፤ ቲኤስኤች ግን ደህና ይመስላል። ይህኛው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

መፍትሄው፦ የቤታው ዓይነት ያለበት ብዙ ሰው ምንም መድኃኒት አያስፈልገውም። ልብ ካስቸገረ የልብ ምት የሚያረጋጋ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ይታዘዛል። ቁጥሩን ለማውረድ ብሎ ዕጢዋን ማውጣት ወይም በጨረር አዮዲን ማጥፋት ጉዳት ነው። ትርፉ ሆርሞን ጉድለቱን የሚያካክስ ነበር፤ ከጠፋ በኋላ በኪኒን መተካቱ ከባድ ነው። የሚቀንስ መድኃኒት ጀምረው ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ ውጤቱን ይዘው የሆርሞን ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ፣ የጂን ምርመራም ይጠይቁ። እርግዝና ካለ ቀድመው ይንገሩ፤ ለውጡን ያልወረሰ ፅንስ በእናቱ ሆርሞን ሊጎዳ ይችላል።