ፑሽ አፕ ከግድግዳ ይጀመራል
ቤት ውስጥ ስፖርት ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ጂም እስክትገቡ አትጠብቁ። ፑሽ አፕ መሬት ላይ ከከበዳችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ። 15 ጊዜ ሳትቸገሩ መሥራት ስትችሉ ወደ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ከዚያም ወደ መሬት ውረዱ። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ክንዳችሁ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይጨምራል። ይህን ቅደም ተከተል በጣም የምወደው ማንንም ስለማያስቀር ነው፤ እናቶቻችንም ይችሉታል።

ለእግር፣ በእጅ ሳትደገፉ ከወንበር ቁጭ ብድግ በሉ። ለጀርባ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ሆዳችሁ ሳቡት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከከበዳችሁ ቀንሱለት። ወገባችሁ እንዳይጎብጥ ግን አደራ!

በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ይበቃል። በማግስቱ ጡንቻችሁን ቢያማችሁ አትደንግጡ። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ግን ወዲያው አቁሙ።