የቤንዚን ፒካፕ ወይስ የኤሌክትሪክ? ከመግዛትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ለሥራ የሚሆን ፒካፕ ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ማይል እንደሚሄድና ስንት ፓውንድ እንደሚጎትት ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም የቤንዚኑን ከኤሌክትሪኩ የሚለየው ትልቁ ጉዳይ መኪናው ሌሊት የት እንደሚያድር ነው። ለንጽጽር በአብዛኛው የማነሣው ፎርድ ኤፍ-150ን ነው፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ፒካፕ ከ2022 ጀምሮ በሁለቱም መልክ፣ በቤንዚኑና ላይትኒንግ በተባለው በኤሌክትሪኩ፣ ለገበያ ስለቀረበ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የራስ የሆነ የማደሪያ ቦታና ሶኬት ሳይኖር “ኤሌክትሪክ ከቤንዚን ይረክሳል” በሚል ወሬ ብቻ መግዛት ነው። ላይትኒንግ 100 ማይል ለመሄድ ወደ 48 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ፍጆታ የሚለካበት መጠን) ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 16 ሳንቲም ነው ብንል ወጪው ከ8 ዶላር በታች ይሆናል። በአንድ ጋሎን 20 ማይል ገደማ የሚሄደው የቤንዚኑ ፒካፕ፣ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ20 ቢሆን፣ ለዚያው መንገድ 16 ዶላር ይጨርሳል። እስከዚህ ድረስ ኤሌክትሪኩ በግማሽ ይረክሳል። ይሁን እንጂ በየመንገዱ ያሉ ፈጣን ቻርጀሮች ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 56 ሳንቲም ቢያስከፍሉ ያው 100 ማይል ወደ 27 ዶላር ይደርሳል። በዓመት 15,000 ማይል ለሚነዳ ሰው ይህ ማለት በቤት 1,150፣ በቤንዚን 2,400፣ በፈጣን ቻርጀር ብቻ ደግሞ ከ4,000 በላይ ዶላር ማለት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ አፓርትመንት ተከራይቶ የሚኖር አንድ የሴራሚክ ንጣፍ ሠራተኛ ወዳጄ ይህን የተረዳው የሦስት ወር ደረሰኞቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሲደምር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበው ግን ሌላ ነገር ነው፦ በሳምንት ሁለት ማታ ከሥራ ሲመለስ እራቱን ቻርጀር አጠገብ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይበላ ነበር።

የራስ ቤት ያለውም ቢሆን “ሶኬት አለኝ” ብሎ መዝናናት የለበትም። ተራው ባለ 120 ቮልት ሶኬት በሰዓት የሚጨምረው ሦስት ማይል እንኳ የማይሞላ ስለሆነ አንድ ሌሊት ሙሉ ተሰክቶ ቢያድር ከ25 እስከ 30 ማይል ቢያስገኝ ነው፤ ባለ 131 ኪሎዋት ሰዓቱን ትልቅ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ደግሞ ከአራት ቀን በላይ ይወስዳል። የሚያስፈልገው ባለ 240 ቮልት መስመር ነው። ይህን ለማስገባት የቤቱ ብሬከር ሳጥን አቅም ይበቃ እንደሆነ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማየት ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው። ቤቱ አሮጌ ከሆነ ሳጥኑን የማስቀየሩ ወጪ ራሱ ስሌቱን ሊያፋልሰው ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት በማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን የመጎተት አቅም ከሚሄደው ርቀት ለይቶ ማንበብ ነው። ላይትኒንግ በተገቢው ዕቃ ከተሟላ እስከ 10,000 ፓውንድ ይጎትታል፤ ትልቁ ባትሪ ያለው ደግሞ እስከ 320 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱ ቁጥሮች ግን በአንድ ቀን አብረው አይገኙም። ከፍ ያለና ነፋስ የሚገትረው ተሳቢ ርቀቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ 320ው 160 ይሆናል። በረጅም መንገድ ላይ ባትሪው ከ80 በመቶ በኋላ አዝግሞ ስለሚሞላና ማንም ከ10 በመቶ በታች ማውረድ ስለማይፈልግ፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል በእጅ ላይ የሚቀረው 112 ማይል ገደማ ነው። የቤንዚኑም ፒካፕ ሲጎትት ነዳጅ አብዝቶ እንደሚበላ መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ልዩነቱ እሱ በአምስት ደቂቃ ሞልቶ መንገዱን መቀጠሉ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የዚያኑ ወዳጄን የቤት ዕቃ በተሳቢ ጭነን ወደ ፒትስበርግ ስንሄድ ነው። መንገዱ 250 ማይል አይሞላም። ተራራው ላይ የባትሪው መጠን ከጠበቅነው በላይ በፍጥነት ስለወረደ ሁለት ጊዜ ለመቆም ተገደድን። የመጀመሪያው ጣቢያ መቆሚያዎች ለትንሽ መኪና የተሰመሩ ስለነበሩ ተሳቢውን እንደጫነ ማስገባት አልተቻለም። በዝናብ ወርደን ተሳቢውን ፈታነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ጎማውን በታኮ አስደግፈን ተውነው፤ 45 ደቂቃ ያህል ቻርጅ አድርገን ስንመለስ እንደገና አያያዝነው። ተሳቢ አዘውትረው ለሚጎትቱ ሰዎች የምመክረው ቀድመው የመንገዳቸውን ጣቢያዎች በካርታ እንዲያዩና ተሳቢን ሳይፈቱ የሚገባባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ እንዲቆጥሩ ነው። ከከተማ ሳይወጡ በቀን 60 ወይም 80 ማይል ለሚሠሩ ግን ይህ ሁሉ ችግር አይነካቸውም።

ከመጎተት ጋር የተያያዘ፣ ነገር ግን ሁለቱንም ዓይነት ፒካፕ የሚመለከት ሌላ ስህተት አለ። የሹፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይታያል፤ ሰዎችና ዕቃዎች በአንድነት ከዚህ ክብደት መብለጥ የለባቸውም ይላል። ገዢዎች የማያነቡት ይህን ነው። ወረቀቱ 1,700 ፓውንድ ይላል እንበል። እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሠራተኞች 720፣ ካሶኒው ውስጥ ያለው መሣሪያ 400፣ ባለ 7,000 ፓውንድ ተሳቢ በመንጠቆው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት በጥቂቱ 700 ፓውንድ ይሆናል። ድምሩ 1,820 ነው። ተሳቢው ከተፈቀደው 10,000 እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ፒካፑ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በኤሌክትሪኮቹ ላይ ይህ ይበልጥ ይብሳል፤ ትልቁን ባትሪና ቅንጡ ዕቃዎችን የጨመረ ሰው በዚያው ልክ የመጫን አቅሙን ይቀንሳልና።

ሚኒሶታን ወይም ኮሎራዶን በመሰለ ቀዝቃዛ አገር የሚኖር ሰው የክረምቱን ርቀት ከበጋው ጋር አንድ አድርጎ ማሰብ የለበትም። የቤንዚን ሞተር ከሚያባክነው ሙቀት ላይ ለሹፌሩ ይቆርሳል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ማሞቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ከዚያው ከባትሪው ነው። በብርቱ ብርድ ከርቀቱ ሩቡን ወይም ሲሶውን ማጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ከመነሣትዎ በፊት እንደተሰካ ማሞቅ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ይህም ተመልሶ ወደ ማደሪያው ጥያቄ ይወስደናል።

የዋጋው ነገር ብዙ ሰው አሁንም በአሮጌ ወሬ የሚመራበት ነው። ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የ7,500 ዶላር የፌዴራል የግብር ቅናሽ መስከረም 30 ቀን 2025 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አብቅቷል፤ ያንን ቀንሶ የሚያሰላ ሻጭ ወይም ዘመድ ቢገጥምዎ አይስሙት። የላይትኒንግ መነሻ ዋጋ ራሱ መጀመሪያ 40,000 ዶላር ገደማ ተብሎ ታውጆ፣ ወደ 60,000 ተጠግቶ፣ በ2023 አጋማሽ እንደገና ወደ 50,000 የወረደ ነው። በ2025 መጨረሻ ደግሞ ፎርድ ይህን ሞዴል በነበረበት መልኩ ማምረቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህን የሰሙ ገዢዎች ያገለገለውን ጭምር ይሸሻሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን መሸሹ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ባትሪው ለ8 ዓመት ወይም ለ100,000 ማይል፣ ከሁለቱ ለቀደመው፣ ዋስትና ያለው ሲሆን ዋስትናው ለቀጣዩ ባለቤት ይተላለፋል። ማደሪያው የተመቻቸለት ሰው የመጀመሪያው ገዢ የከሰረበትን ልዩነት ሊያተርፍበት ይችላል። አንዳንድ ግዛቶች፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ፣ የቤንዚን ቀረጥ ለማይከፍሉ መኪኖች በየዓመቱ የሚያስከፍሉትን ተጨማሪ ክፍያ ግን ስሌቱ ውስጥ ያስገቡ።

ስለ ጥገና አጭር ቃል ይበቃል። ኤሌክትሪኩ የሞተር ዘይትም ሆነ ካንዴላ የለውም፤ የፍሬን ሸራውም ይበረክታል። ጎማውን ግን ከክብደቱ የተነሣ ቶሎ ይበላል። “ምንም ወጪ የለውም” የሚለው አባባል ከዚህ አያልፍም።

መሣሪያ ከመኪናው ላይ ሰክቶ ለመሥራት ሲል ብቻ ኤሌክትሪኩን የሚመርጥ ሰውም ቸኩሏል። ላይትኒንግ እስከ 9.6 ኪሎዋት ኃይል ይሰጣል፤ ወዳጄ የሴራሚክ መቁረጫውን ያለ ጄኔሬተር ጩኸት ያሠራበታል፤ ይህን ያህል የሚወደው ሌላ ነገር የለም። ነገር ግን በቤንዚንና በባትሪ ተጣምሮ የሚሠራው ኤፍ-150ም 7.2 ኪሎዋት የሚሰጥበት አማራጭ አለው፤ ይህም ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ፒካፑን ጥቂት ዓመት ሠርቶበት ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው በሁለቱም በኩል ይጠንቀቅ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ ለፒካፕ ያለውን ደንብ ሳያጣሩ ቤንዚን መግዛት አያዋጣም። በሌላ በኩል አገር ቤት የሚበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቻይና የመጡ ስለሆኑ የአሜሪካው መሰኪያ ከብዙዎቹ ቻርጀሮች ጋር አይገጥምም።

በመጨረሻም ባዶውን ፒካፕ በሰፈር ዙሪያ አንድ ጊዜ ነድቶ መወሰን ስህተት ነው፤ ባዶውን ሲነዱት ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ ያሸንፋልና። ለቅዳሜና እሁድ ይከራዩት፤ የራስዎን ተሳቢና የራስዎን መሣሪያ ይጫኑበት። የቤት ጋራዥ ካለዎት ደግሞ ወለሉን አስቀድመው በሜትር ይለኩ፤ ላይትኒንግ ከ19 ጫማ በላይ ይረዝማል፤ የወዳጄ ወንድም ገዝቶ ካመጣው በኋላ የጋራዡ በር አልዘጋ ብሎት ቻርጀሩን ከውጭ ግድግዳ ላይ እንደገና አስተክሏል።